እስከ አንገቱ ትኩስ

ራዲያተር ሲባል አብዛኞቻችን ወዲያው የምናስበው መኪናን ነው። ዳገት መሃል የቆመ አውቶቡስ፣ ከተከፈተው ኮፈን የሚወጣ እንፋሎት፣ ጀሪካን ይዞ ውሃ ፍለጋ የሚሮጥ ረዳት፤ ይህን ያላየ መንገደኛ በምሥራቅ አፍሪካ መንገዶች ላይ ጥቂት ነው። በእኛ ዘንድ ራዲያተር የማቀዝቀዣ ስም ነው። እኔም ለትምህርት ወደ ጀርመን ሄጄ ፍራንክፈርት ከተማ መኖር እስከጀመርኩ ድረስ ሌላ ትርጉም ይኖረዋል ብዬ አላሰብኩም ነበር። እዚያ ስደርስ ግን ያገራችን ሰዎች ያንኑ ቃል ለቤት ማሞቂያው ሰጥተውት አገኘሁ። አንድ ቃል በአንድ አገር ያበርዳል፣ በሌላው ያሞቃል።

የቤቱ ራዲያተር በየክፍሉ፣ ብዙውን ጊዜ በመስኮት ሥር፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ውስጡ ክፍት የሆነ ብረት ነው። ምድር ቤት ያለው ቦይለር ውሃ ያሞቃል፤ ፓምፕ ውሃውን በቧንቧ እየገፋ ለየቤቱ ያደርሳል፤ ውሃው በብረቱ ውስጥ ዞሮ ሙቀቱን ለክፍሉ ከሰጠ በኋላ በሌላ ቧንቧ ተመልሶ ይወርዳል። እሳት አይታይም፤ ጭስም አመድም የለም። ያደግሁት ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቆረቆረችው አዲስ አበባ ስለሆነ ብርድ አላውቅም ለማለት አልችልም። ነገር ግን የእኛ ብርድ ጋቢ የሚደረብለት፣ ሻይ የሚፈላለት፣ ረፋድ ላይ ፀሐይ ወጥታ የምታባርረው ብርድ ነው። የፍራንክፈርት ብርድ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ከሰው ጋር አብሮ ይኖራል። በዚያ አገር ራዲያተር የምቾት ዕቃ አይደለም፤ ከጣሪያና ከግድግዳ ጋር የሚቆጠር የቤቱ አካል ነው።

ቧንቧው ከራዲያተሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ጭብጥ የምትሞላ ነጭ የፕላስቲክ መዘውር አለች። በላይዋ ከ1 እስከ 5 የሚደርሱ ቁጥሮች ተጽፈዋል፤ ከ1 በፊት ደግሞ የበረዶ ምልክት ይታያል። ይህቺ ዕቃ ቴርሞስታታዊ ቫልቭ ትባላለች። በዚህ ጽሑፍ የማወጋችሁ ስለ እርሷ ነው። ነገሩ እንደ ተራ የቤት ውስጥ ብልሽት ሊታይ ይችላል፤ በዚያ ሰሞን ግን የአራስ ልጅ ጤና፣ የእናት ጭንቀትና የአንድ ቤተሰብ ክብር በዚህች ትንሽ ዕቃ ላይ ተንጠልጥለው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2016 መስከረም ወር እኔና ባለቤቴ ወደ አዲስ ቤት ገባን። ቤቱ ለበጋው በሙሉ ሰው ያልኖረበት፣ መኝታ ቤትና ሳሎን ያለው አነስተኛ አፓርታማ ነበር። በኅዳር መጀመሪያ ላይ የመጀመሪያ ልጃችን ተወለደ። እናቴም የገንፎ እህሏን፣ በርበሬዋን፣ ቅቤዋንና ጥቁር አዝሙዷን ሻንጣ ሞልታ ልታርሰኝ ከአዲስ አበባ መጣች። በመጣች በሦስተኛው ቀን ብርዱ ጠና። የሳሎኑና የወጥ ቤቱ ራዲያተሮች ሞቁ፤ የመኝታ ቤቱ ግን ሬሳ ሆነ። መዘውሩን 3 ላይ ብናደርገው፣ 4 ላይ ብናደርገው፣ 5 ላይ ብናደርገው ለውጥ የለም። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥናት ትንሽ የሙቀት መለኪያ 14 ዲግሪ ታሳያለች። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የመኖሪያ ቤት መመሪያ በብርድ ወራት የቤት ውስጥ ሙቀት ቢያንስ 18 ዲግሪ እንዲሆን፣ ለሕፃናትና ለአረጋውያን ደግሞ ከዚያ ከፍ ቢል እንደሚሻል ይመክራል። መመሪያው ያን ጊዜ ገና አልወጣም፤ እናቴ ግን የሕፃኑን እግር ዳብሳ ያንኑ ነግራኛለች።

“ለምን ሳሎን አትተኙም?” የሚል አንባቢ ይኖራል። ሞክረን ነበር። ነገር ግን ሳሎናችን የውጭው በር የሚከፈትበት፣ አራስ ጠያቂ ከጠዋት እስከ ማታ የሚገባበትና የሚወጣበት ክፍል ነው። እናቴ ደግሞ አራስና ጨቅላ ከሰው ዐይን ተከልለው፣ ከነፋስ ተጠብቀው፣ ጓዳ መሆን አለባቸው ብላ የምታምን የቀድሞ ሰው ናት። በዚያ ላይ የቀዘቀዘው መኝታ ቤት እርጥበት መያዝ ጀምሮ ነበር። በመስኮቱ ማዕዘን ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ብቅ ብሎ ስናየው ሻጋታ ሆኖ ተገኘ። ያልሞቀ ክፍል ባዶውን ቢቀመጥም ሰላም አይሰጥም፤ ከሞቁት ክፍሎች የሚመጣው እርጥበት ያለው አየር ቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ደርሶ ውሃ ይሆናል፤ ውሃው ሻጋታ ያበቅላል።

ቤቱን ለሚያስተዳድረው ድርጅት ስልክ ደወልኩ። የመለሰችልኝ ሴት ትሑት ነበረች። የሕንፃው ማሞቂያ በደንብ እንደሚሠራ፣ ሌሎች ተከራዮች አቤቱታ እንዳላቀረቡ፣ ባለሙያ ለማግኘት ሦስት ሳምንት ያህል ወረፋ እንዳለ ነገረችኝና በመጨረሻ “አጠቃቀሙን እርግጠኛ ኖት?” ብላ ጠየቀችኝ። በማግሥቱ በፖስታ ሳጥናችን ውስጥ አንድ የታተመ ወረቀት አገኘን፤ ቤት እንዴት እንደሚሞቅና መስኮት እንዴት እንደሚከፈት በሥዕል የሚያስረዳ። ወረቀቱ በራሱ ክፉ አልነበረም፤ ምክሩም ትክክል ነው። የሰነዘረው ግን ሌላ ነገር ነበር፤ ዕቃው ደህና ነው፤ ጉድለቱ ከእናንተ ከመጣችሁት ሰዎች ነው የሚል። በሰው አገር የኖረ ሁሉ ይህችን ያልተጻፈች ዓረፍተ ነገር ያውቃታል።

በዚያው ምሽት ባለቤቴ የሌሊት ፈረቃ ገብቶ ሳለ የከሰል ሽታ አወደኝ። እናቴ በበጋ ለጥብስ የተገዛውን ከሰል በረንዳ ላይ አግኝታ በቡና ምድጃችን አቀጣጥላዋለች። ፍሙ ቀልቶ፣ ጭሱ ጠፍቶ፣ በጨርቅ ይዛ ወደ መኝታ ቤቱ ልታስገባው ስትል በሩ ላይ ቆምኩባት።

“እማዬ፣ እባክሽ እዚያው ይሁን።”

“ጭሱ አልቋል እኮ! አንቺንስ በምን ያሳደግሁሽ ይመስልሻል?”

እውነቷን ነው፤ በዚያው ነው ያሳደገችኝ። ነገር ግን እኔን ያሳደገችበት ቤት ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ሥሩ ክፍት፣ የመስኮቱ እንጨት የተሰነጠቀ ነበር። ብርድ የምታስገባው ያች ስንጥቅ ናት ሕይወታችንን የጠበቀችው። የፍራንክፈርቱ ቤት መስኮት ግን ዙሪያውን በጎማ የታሸገ ነው፤ ሲዘጋ አየር አያሳልፍም። በከሰል ፍም ውስጥ ያለው አደጋ ደግሞ ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከቀላውና ጭስ ከሌለው ፍም ሳይቀር ይወጣል። ሰው ሲተነፍሰው በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ክፍል ከኦክስጅን ይልቅ በ200 እጥፍ ገደማ በሚበልጥ ኃይል ይይዘዋል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ቀጥሎ እንቅልፍ ይጥላል፤ የሚሸሽበትን አቅም የሚወስደውም ያው እንቅልፍ ነው። “ከሰል አፈናቸው” እየተባለ በክረምት የምንሰማው መርዶ ይኸው ነው። አዲስ አበባም ሆነ ናይሮቢ ይህን የሚያነብ ሰው፣ ጭሱ ማለቁን አይቶ ምድጃ ይዞ ወደ መኝታ ቤት እንዳይገባ አደራ እላለሁ።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። ምድጃውን በረንዳው ላይ አስቀምጣ ዝም አለች። ቀጥላም “ታዲያ ልጁ በብርድ ይሙት?” አለችኝ። ይህ በአነጋገር ብቻ የሚታለፍ ጥያቄ አልነበረም። ከሰሉን ከከለከልኩ ሌላ ሙቀት የማምጣት ግዴታ አለብኝ።

ያን ሌሊት ነገሩን የፈታችው ራሷ እናቴ ናት ብል ማጋነን አይሆንም። ልጁን አቅፋ ከወዲያ ወዲህ ስትል ቆየችና በራዲያተሩ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ቧንቧውን ከታች ጀምራ በመዳፏ ዳበሰችው። “ነይ እስቲ፣ ንኪው። እስከ አንገቱ ትኩስ ነው፤ ካንገቱ ወዲያ በድን ነው” አለችኝ። እጄን ዘረጋሁ። እንዳለችው ነበር። ከወለሉ የሚወጣው ቧንቧ እጅ ይፈጃል፤ ከመዘውሯ ቀጥሎ ያለው ብረት ግን እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። እንጀራ መጋገሪያውን ምጣድ በመዳፏ ወላፈን ስትለካ የኖረች ሴት ናትና የሚሞቅና የማይሞቅ ነገር ድንበሩ የት እንደሆነ ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለጋትም። በአንድ ዳበሳ ሦስት ነገር ታወቀ። ቦይለሩ ይሠራል፤ ፓምፑ ውሃውን እዚህ ድረስ አምጥቶታል፤ ያገደው አንገቱ ላይ ያለው ቫልቭ ነው።

ማወቅ ያለብን ሌላም ነገር አለ። ራዲያተር የሚቀዘቅዘው በአንድ ምክንያት ብቻ አይደለም። ከታች ሞቆ ከላይ ከቀዘቀዘ ውስጡ አየር ገብቷል ማለት ነው፤ በጎኑ ያለችውን ትንሽ ቡሎን በልዩ ቁልፏ ከፈት አድርጎ አየሩን ማስወጣት ነው መድኃኒቱ። ሁሉም ክፍል ከቀዘቀዘ ችግሩ ከምድር ቤቱ ነው። መጋረጃ ወይም ሶፋ መዘውሯን ሸፍኗት ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ መጋረጃው ሥር ታምቆ ቫልቩን ያታልለዋል፤ ክፍሉ ሳይሞቅ የሞቀ መስሎት ይዘጋል። የእኛ ከእነዚህ አንዱም አልነበረም።

በማግሥቱ በሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ “ጋሼ” እየተባሉ የሚጠሩ አንድ አዛውንት አራስ ሊጠይቁ መጡ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ይሠሩ ነበር፤ ጀርመን ከገቡ በኋላ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የማሞቂያ ቧንቧ ሲዘረጉ ኖረዋል። ገንፎውን ቀምሰው፣ ልጁን መርቀው ሲያበቁ ነገሩን አጫወትኳቸው። ካፖርታቸውን አወለቁና “ፒንሳና ካቻቪቴ አምጪ እስቲ፣ ልጄ” አሉኝ።

እናቴ አራስ ብረት ይዛ ወለል ላይ መንበርከኳን ስታይ ደነገጠች። “እርስዎ ደግሞ፣ ወንድሜ! አጥንቷ ገና ሳይገጥም!” አለቻቸው።

“እትዬ፣ ብረት ካራስ ትራስ ሥር ይቀመጥ የለ? እንግዲህ ዛሬ ትንሽ ከትራሱ ወጣ ብሏል” ሲሏት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። እኔንም ባየው የማይከፋኝ ይልቅ የሚጠቅመኝ እንደሆነ ነግረዋት ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

ጋሼ የሠሩትን በቅደም ተከተል ልጻፈው። መጀመሪያ የመኝታ ቤቱንና የወጥ ቤቱን መዘውሮች ሁለቱንም እስከ 5 አዞሯቸው፤ እንዲህ ሲሆን ውስጣቸው ይላላል። ከዚያ ከሥራቸው ያለውን የብረት ቀለበት በጨርቅ ሸፍነው በፒንሳ አላሉና ሁለቱንም መዘውሮች አወጧቸው። ውሃ አይፈስም፤ መዘውሩ ውሃውን አይነካውምና። ቀጥሎ የመኝታ ቤቱን መዘውር ወጥ ቤት፣ የወጥ ቤቱን መኝታ ቤት አስረው “አሁን ሻይ እንጠጣ” አሉ።

ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። በብርድ ራዲያተር ላይ ዋለች የተባለችው መዘውር ወጥ ቤት ሄዳ በደንብ ታዘዘች፤ ስትከፈት ሞቀ፤ ስትዘጋ ቀዘቀዘ። ደህና የተባለችው ግን መኝታ ቤት መጥታ ምንም አላመጣችም። “አየሽ፣ ጥፋቱ አብሯት አልሄደም። ከመዘውሯ ጋር ቢሆን ኖሮ ወጥ ቤት ይቀዘቅዝ ነበር። እዚሁ ቀርቷል” አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሰው በሰው ላይ ሲፈርድ ስሰማ ይህ ፈተና ትዝ ይለኛል። የተጠረጠረውን ወደ ሌላ ቦታ ውሰደው፤ ጥፋቱ ይከተለዋል ወይስ እዚያው ይቀራል? እኛም እኮ ከመስከረም ጀምሮ ሳሎኑንና ወጥ ቤቱን በዚያው እጃችን፣ በዚያው “አጠቃቀማችን” ስናሞቅ ነበር። ጉድለቱ ከእኛ ቢሆን ኖሮ ሁሉም ክፍል በቀዘቀዘ።

መዘውሯ ስትወጣ በቫልቩ አፍ ላይ አንዲት ቀጭን የብረት ፒን ትታያለች። የአሠራሩ ምሥጢር በሙሉ በእርሷ ላይ ነው። በመዘውሯ ውስጥ ሰም ወይም ፈሳሽ ወይም ጋዝ የታሸገባት ትንሽ ዕቃ አለች። ክፍሉ ሲሞቅ የታሸገው ነገር ያብጣል፤ አብጦ ፒኗን ወደ ውስጥ ይገፋታል፤ የውሃው መንገድ ይጠባል። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ያን ጊዜ በቫልቩ ውስጥ ያለው ሞላ ፒኗን መልሶ ወደ ውጭ ይገፋታል፤ መንገዱ ይከፈታል። ኤሌክትሪክ የለም፣ የሚያዝ ሰው የለም። “መኪናም ላይ ያለው ቴርሞስታት ያው ሰም ነው። ልዩነቱ የመኪናው ሲግል ይከፈታል፣ የዚህ ሲሞቅ ይዘጋል” አሉ ጋሼ። በአገራችን መካኒኮች ብዙ ጊዜ ከሞተሩ አውጥተው የሚጥሉት ቴርሞስታት የዚህች የቅርብ ዘመድ ናት ማለት ነው።

የወጥ ቤቱን ፒን በካቻቪቴው እጀታ ጫን ሲሏት ሦስት ሚሊ ሜትር ያህል ገብታ፣ ሲለቋት ተስፈንጥራ ተመለሰች። የመኝታ ቤቱ ግን ገብታ ቀርታለች። በጋውን በሙሉ ባዶ ቤት ውስጥ ተዘግታ ስትከርም ዝገትና ከውሃው የሚወጣ ኖራ መሰል ዝቃጭ ይዟታል፤ ሞላው ደግሞ የሚያስለቅቃት አቅም አጥሮታል። ጋሼ የቫልቩን ጎን በካቻቪቴው የእንጨት እጀታ ቀስ እያሉ መቱት፤ በፒኗ ላይ የዘይት ጠብታ አደረጉ፤ በጥቂቱ ገፋ፣ ለቀቅ፤ ገፋ፣ ለቀቅ። “በፒንሳ ይዞ መሳብ ግን ኃጢአት ነው። ከወጣች ትኩስ ውሃ ፊትሽ ላይ ነው፤ ምንጣፉም፣ ጎረቤትም አይተርፍም” አሉ። ሩብ ሰዓት ያህል እንደሠሩ “ጠቅ” የሚል ድምፅ ተሰማና ፒኗ ወጣች። በብረቱ ውስጥ ውሃ ሲንፎለፎል ሰማን። እናቴ መዳፏን አንገቱ ላይ አድርጋ ሙቀቱን ወደ ጎን ተከተለችው፤ እልልታዋን ግን ልጁ እንዳይነቃ በሹክሹክታ አደረገችው።

ጋሼ ግን ሥራው አልቋል አላሉም። “አንዴ የተያዘች ፒን ደግማ ትያዛለች። የውስጡ ዕቃ በአዲስ መለወጥ አለበት፤ እርሱ ደግሞ ውሃ ያለበት ክፍል ነውና የባለቤቱ ድርሻ ነው። ጻፊላቸው” አሉኝ። በጀርመን ሕግ አከራይ ቤቱን ለኑሮ በሚመች ሁኔታ ጠብቆ የማቆየት ግዴታ አለበት፤ ተከራይ ደግሞ ብልሽቱን ሳይዘገይ ማሳወቅ ይገባዋል። በዚያው ሌሊት ልጁን ካጠባሁ በኋላ ደብዳቤውን ጻፍኩ። ቁጣ አልጨመርኩበትም። ስለመጣው ወረቀትም አላነሣሁም። በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት የክፍሉ ሙቀት ስንት ዲግሪ እንደነበር፣ ቧንቧው እስከ ቫልቩ ድረስ ትኩስ መሆኑን፣ መዘውሮቹ ተለዋውጠው ጥፋቱ እዚያው መቅረቱን፣ ፒኗ ተይዛ በእጅ መለቀቋን፣ በቤቱ ውስጥ የሁለት ሳምንት ሕፃን መኖሩን ብቻ አሰፈርኩ። አንድ ገጽ አልሞላም።

ባለሙያው የመጣው በሦስት ሳምንት አይደለም፤ በሁለት ቀን ነው። የደብዳቤዬን ቅጂ ይዞ ነበር። መዘውሯን አውጥቶ ፒኗን ጫን አደረጋት፤ ግማሽ መንገድ ሄዳ ተንገራገጨች። “ልክ ነው” አለ፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። የውስጡን ዕቃ በአዲስ ለወጠና ሄደ። ይቅርታ የጠየቀን የለም። እኔም አልጠበቅኩም። “ልክ ነው” የምትለዋ ቃል ግን ከይቅርታ ይልቅ ደስ አሰኘችኝ፤ ቤቱን የማታውቅ እንግዳ ሆኜ ሳይሆን ስለቤቷ የምትናገር ባለቤት ሆኜ የተሰማሁባት ቃል ስለሆነች።

ከዚያ በኋላ በቤታችን የቀረው ክርክር የቁጥሮቹ ነበር። እናቴ መዘውሯን በጠዋት 5 ላይ ታደርጋታለች፤ ባለቤቴ ከሥራ ሲመለስ ወደ 3 ይመልሳታል። እናቴ ቁጥሩን እንደ ምድጃ እሳት ነው የምታየው፤ 5 ማለት ብዙ እሳት፣ ቶሎ የሚሞቅ ማለት ነው። የመዘውሯ ቁጥር ግን የእሳት መጠን አይደለም፤ የመድረሻ ስም ነው። በአብዛኞቹ ላይ 3 ማለት 20 ዲግሪ ገደማ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር 4 ዲግሪ ያህል ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። የበረዶው ምልክት ደግሞ ቧንቧው በረዶ እንዳይሠራ ብቻ የሚጠብቅ፣ 6 ዲግሪ አካባቢ ነው። ክፍሉ 14 ዲግሪ ሲሆን በ3ም ሆነ በ5 ላይ ቫልቩ ተከፍቶ ይጠብቃል፤ እስከ 20 የሚደርሰውም በተቀራረበ ጊዜ ነው። ልዩነቱ 3 ሲደርስ “በቃ” ይላል፤ 5 ግን ክፍሉ 28 እስኪሆን ድረስ አይልም። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት ጥቂት አሰበችና “እንግዲያው ዕቃው ከኛ ይልቅ ልክ ያውቃል” አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ እጇን አላነሣችበትም።

ይህቺን ልክ አዋቂ ዕቃ ለዓለም ያበረከተው ዳንፎስ የተባለውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1933 ኖርድቦርግ በተባለች ቦታ የመሠረተው ዴንማርካዊው ማስ ክላውሰን ነው፤ የራዲያተር ቴርሞስታትን የፈለሰፈው በ1943 ነው። በአውሮፓ ቤቶች ሁሉ ለመስፋፋት የበቃችው ግን ከ1973ቱ የነዳጅ ቀውስ በኋላ፣ ሙቀት ዋጋ ያለው ነገር መሆኑ ሲታወቅ ነው። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣችው ደንብ መሠረት በጋራ ማሞቂያ የሚጠቀሙ ነዋሪዎች ከወጪው ቢያንስ ግማሹን የሚከፍሉት በየራሳቸው ፍጆታ ልክ ነው። ስለዚህ 3 እና 5 የምቾት ብቻ ሳይሆን የኪስ ጉዳይም ናቸው፤ አንድ ዲግሪ መቀነስ ከማሞቂያው ወጪ 6 በመቶ ያህል ይቆጥባል የሚለው ስሌት በአገሩ ዘወትር የሚነገር ነው።

ዛሬ የምኖረው ናይሮቢ ነው። ከተማዋ ወደ 1,800 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ትገኛለችና በሐምሌ ወር ሹራብ ታስደርባለች፤ ራዲያተር ግን በቤታችን የለም። ቢሆንም ዘመዶቹ ሁሉ አብረውኝ ናቸው። ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ካውያው ውስጥ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ውሃ ማሞቂያ ውስጥ “በቃ” የምትል ቴርሞስታት ተቀምጣለች። አንዳቸው ሲበላሹ በየቤቱ የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ “ማን ነካው?” የሚል ነው። ልጅ ይቆጣሉ፣ የቤት ሠራተኛ ይወቅሳሉ፣ ባልና ሚስት ይኮራረፋሉ፤ ዕቃው ግን እንደተበላሸ ይቆያል።

እናቴ ያን ሌሊት የጠየቀችው ሌላ ጥያቄ ነበር፤ “እስከ የት ደርሶ ቆመ?” የሚል። መብራቱ እስከ ሶኬቱ ደርሷል? ውሃው እስከ ቧንቧው አፍ መጥቷል? ሙቀቱ እስከ አንገቱ አለ? ከደኅናው ጀምሮ ወደ በሽተኛው መሄድ፣ ድንበሩን በእጅ ማግኘት፣ የተጠረጠረውን ከቦታው አንሥቶ ሌላ ቦታ መፈተን፣ ያዩትን ያህል መጻፍ፣ ከአቅም በላይ የሆነውን ለባለሙያው መተው። ይህን ለማድረግ የውጭ አገር ትምህርት አያስፈልግም፤ እናቴ ፍራንክፈርትን ያየችው ለሦስት ወር ብቻ ነው።

ብርድ አገር ለምትኖሩ ወገኖቼ አንዲት ምክር ልጨምርና ላብቃ። በጸደይ ማሞቂያው ሲጠፋ መዘውሮቹን ዘግታችሁ አትተዉአቸው፤ እስከ 5 ክፈቷቸው። ፒኗ ወጥታ ትከርማለች፤ ሞላውም ያርፋል። በወር አንድ ጊዜ ደግሞ በመንገዳችሁ ስታልፉ አንድ ዙር ወዲያና ወዲህ አድርጓት።